ሕጉን አላፊ አግዳሚው ይቀይረው

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ካምፓሶች በአንዱ የጌም ዲዛይን ክበብ ያቋቋሙ ተማሪዎች ለክበባት ቀን የሚያቆሙትን ቡዝ አቅደው «እስቲ ጋሼ ይዩልን» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ዕቅዱ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም። ሠንጠረዥ አለው፣ ለየሥራው ኃላፊ ተመድቦለታል፣ በጀቱም በአቅም ነው። አንደኛ፣ ፕሌይስቴሽንና ፊፋ። ሁለተኛ፣ ክበቡ የሠራው ጌም በትልቅ ስክሪን። ሦስተኛ፣ የዓለም የጌም ኢንዱስትሪ ስንት ቢሊዮን ዶላር እንደሚያንቀሳቅስ የሚያስረዳ ባነር። አራተኛ፣ ሎተሪ፤ ለባለዕድሉ ቲሸርት። በመጨረሻም የአባልነት መመዝገቢያ ቅጽ። ችግሩ ይህ ዕቅድ የማንም ክበብ ዕቅድ ሊሆን መቻሉ ነው። ፕሌይስቴሽኑን አንስታችሁ የደም ግፊት መለኪያ አስቀምጡበት፤ ሎተሪውም፣ ባነሩም፣ ቅጹም ሳይነካ የጤና ክበብ ቡዝ ይወጣዋል።

የጌም ዲዛይን ክበብ ለካምፓሱ ሊያሳይ የሚችለው፣ ሌላው ክበብ ግን የማይችለው፣ አንድ ነገር አለ። ጨዋታ ሁሉ ሰው ባወጣው ሕግ የሚሄድ መሆኑን፣ ያ ሕግ ሲነካም ጨዋታው፣ ከጨዋታው ጋር ደግሞ የተጫዋቹ ጠባይ እንደሚለወጥ ማሳየት ይችላል። ስለዚህ ቡዙ ያለቀለት ጌም የሚታይበት ባይሆን እመርጣለሁ። ከክፍል ወደ ካፌ የሚሄድ ተማሪ ቆም ብሎ አንዲት ሕግ የሚቀይርበት፣ የቀየራት ሕግ ምን እንዳመጣችም እዚያው የሚያይበት ቦታ ይሁን። የቀረው ሁሉ ማስጌጫ ነው፤ ማስጌጫውን ከቀሩት ቡዞች ሁሉ በነጻ ያገኘዋል።

ብዙ የተከራከርነው በፊፋው ላይ ነው። (ስሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ተቀይሯል፤ ጌም ቤቱ ሁሉ ግን እስካሁን ፊፋ ነው የሚለው፣ እኔም ከጌም ቤቱ ጋር ነኝ።) የክበቡ ፕሬዚዳንት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰው ይሰብሰብልን፤ ከዚያ ስለ ክበቡ እንነግረዋለን።» ሰው እንደሚሰበሰብ አልክድም። የሚሰበሰበው ግን ለፊፋ ነው፤ ፊፋው ሲያልቅ ይበተናል። በዚያ ላይ የጌም ቤቱ ሥርዓት አብሮ ይመጣል፤ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ይነሣል። ለጌም ቤቱ ባለቤት ይህ ግሩም ሥርዓት ነው፤ ተሸናፊው እልህ ይይዘውና ከፍሎ ይመለሳል። ቡዝ ላይ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የካምፓሱ አንደኛ ተጫዋች ወንበሩን ይይዛል፣ ጓደኞቹ ከኋላው ይከቡታል፣ ጆይስቲክ ጨብጦ የማያውቀው ፍሬሽ ደግሞ ከሩቅ አይቶ ያልፋል። ማን ይቀመጣል፣ ማን ይነሣል የሚለው ራሱ የጌም ዲዛይን ጥያቄ ነው። ይህን የጌም ዲዛይን ክበብ ካላየው ማን ያየዋል?

ስለዚህ ወንበሩን ገልብጡት አልኳቸው፤ ያሸነፈ ይነሣ። ተነሥቶም አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ሰው ጨዋታውን የሚያስረዳው እሱ ነው። ይህች ትንሽ ለውጥ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ወንበሩ አይያዝም፣ የክበቡ አባላትም ቀኑን ሙሉ ያንኑ ማብራሪያ ሲደጋግሙ ድምፃቸው አይዘጋም። ሦስተኛም ጥቅም አላት፤ እሱን ኋላ ላይ አነሣዋለሁ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ።

ጌም በቡዝ መታየቱ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ራሱ አንድ እግሩ የቆመው በእንዲህ ያለ የጎብኚዎች ቀን ላይ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ላይ ያለው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በዓመት በዓመት ለሕዝብ በሩን ይከፍት ነበር። ጎብኚው የሚያየው ፎቶግራፍና ዝም ብሎ የቆመ መሣሪያ ነው። ዊልያም ሂጊንቦተም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ይህ አላስደሰተውም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1958 አምስት ኢንች በምትሆን የኦሲሎስኮፕ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው የሚጫወተው ቴኒስ ይዞ ቀረበ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የሚዞርና አንድ የሚጫን ቁልፍ፣ ሌላ ምንም የለም። በመቶ የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1959 ስክሪኑን አተለቁት፤ ከዚያም ቴኒሱን በጨረቃ ስበት ወይም በጁፒተር ስበት መጫወት እንዲቻል አደረጉ። ኳሷ ያችው፣ መረቡ ያው፤ የተነካው አንድ ሕግ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ እውነተኛው ካምፓስ እንገባለን። በኤምአይቲ እነ ስቲቭ ራስል ፒዲፒ-1 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ «ስፔስዋር»ን ሠሩ፤ ሁለት መንኮራኩር ተፋጥጠው የሚታኮሱበት ነው። ራስል የጀመረውን ሌሎቹ አልተዉትም። ዳን ኤድዋርድስ መሐል ላይ የምትስብ ኮከብ ጨመረበት፣ ፒተር ሳምሰን ከበስተጀርባ እውነተኛውን የሰማይ ካርታ አኖረበት፣ ማርቲን ግሬትስ ሲጨንቅ የሚሰወሩበት መንገድ አበጀለት። ያ ሁሉ ሰው እየገባ ሕግ ስለጨመረበት ነው ጌሙ የምናውቀው ጌም የሆነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1962 ዩኒቨርሲቲው ለጎብኚ ክፍት በሆነበት ቀን ሲያሳዩት ደግሞ ሁለት ነገር አሰቡ። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ እንዳይቀር ውጤት ቆጣሪ ጨምረው ጨዋታው ማለቂያ እንዲኖረው አደረጉ፤ በከፍታ ላይም ሌላ ትልቅ ስክሪን አስቀምጠው ክፍሉ የሞላው ሰው ሁሉ እንዲያይ አደረጉ። የወረፋና የተመልካች ጉዳይ ያኔም ከኮዱ እኩል ታስቦበታል ማለት ነው።

ተመልካቹን የምር ልንይዘው ይገባል፤ እኛ አገር በተለይ። ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት አይደሉም። ከጀርባ ሦስት አራት አማካሪ አለ፤ አንዱ «ብላው!» ይላል፣ አንዱ «ተው፣ ወጥመድ ነው» ይላል፣ አንዱ ደግሞ እጁን ሰዶ ራሱ ሊያንቀሳቅስ ይሞክራል። የጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥም፣ እንዲሁ ነበር፤ ተመልካቹ እንደ ልቡ ይመክርበታል። ስለዚህ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ አንድ ሰው ብቻውን አጎንብሶ የሚጫወተው ጌም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለቡዝ አይሆንም። ከሩቅ የሚያየው ሰው የአንድ ልጅ ጀርባ ነው። ጀርባ ደግሞ ማንንም አይጠራም።

ቦታውን በተመለከተ ልጆቹ የመረጡት ከኮምፒውተር ሳይንስ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። «ለእኛ ሰው ይቀርባል፣ ሶኬትም አለ» አሉኝ። ሶኬቱ ይገባኛል፤ ሰዉ ግን አይበጅም። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኮምፒውተር ስፔስ» የተባለውን በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ሲያስሞክሩ መጀመሪያ ያስቀመጡት በስታንፎርድ አጠገብ፣ ተማሪ በሚያዘወትረው መጠጥ ቤት ነበር። እዚያ ተወደደ። ወደ ሌላው መጠጥ ቤት ሲሄድ ግን ከሥራ ወጥቶ አንድ ቢራ የሚጠጣው ሰው መመሪያውን አንብቦ፣ ቁልፎቹን አይቶ ተወው። በዓመቱ አለን አልኮርን የሠራው «ፖንግ» መጣ፤ ኳሷ እንዳታመልጥህ ከማለት ሌላ ብዙም መመሪያ አልነበረውም። ሰኒቬል በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት የተተከለው የመጀመሪያው ማሽን ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተባለ፤ ሊጠግኑት ሄደው ሲከፍቱት ሳንቲም መያዣው ሞልቶ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ፊት ለፊት የቆመ ቡዝ ሁልጊዜ የስታንፎርዱን መጠጥ ቤት መልስ ነው የሚሰጣችሁ። ወደ ካፌው መንገድ ውረዱ፤ አካውንቲንጉም፣ ሕጉም፣ ባዮሎጂውም ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተርቦ በዚያ ያልፋል። የተራበ ሰው ረጅም መመሪያ አይሰማም፤ ለፈተና የሚበጃችሁም እሱ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ። የኛ ሰው ፊት ለፊት አይነቅፍም። አንድ ተማሪ ሌላ ተማሪ የሠራውን ጌም ተጫውቶ ሲያበቃ «እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከመጀመሩም በፊት ይታወቃል፤ «አሪፍ ነው፣ በርቱ!» ይሉኝታ ነው። መምህር ከሆነ «በርቱ»ውን ሁለት ጊዜ ይለዋል። ልጆቹ ያዘጋጁት የአስተያየት ቅጽ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚያሰጥ ነው፤ ከመቶው ቅጽ አብዛኛው አራትና አምስት እንደሚሆን ከወዲሁ መናገር እችላለሁ። ቅጹን የሚቀበለው ልጅ ፈገግ ብሎ ፊቱ ላይ ቆሞ እያለ ማን ነው ሁለት የሚያከብበት? እንዲህ ያለ ቅጽ ያከማቸ ክበብ ጌሙ ጥሩ ነው ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ስሕተት ላይ ይቀመጣል።

መፍትሔው ሰውን ጨካኝ ሁን ብሎ መለመን አይደለም፤ አይሆንም። አፉን ትታችሁ እጁን እዩ። ጨዋታው ሲጀመር ጣቱ የት ላይ ቆመ? የትኛውን ቁልፍ በስሕተት ደጋግሞ ነካ? መቼ ነው ቀና ብሎ ጓደኛውን ያየው? መቼ ነው ስልኩን ያወጣው? ስልክ የወጣባት ደቂቃ ከአምስት ነጥብ ቅጽ የበለጠ ትናገራለች። ለዚህ አንድ ደብተር የያዘ አባል ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ፤ ደግሞ ያ አባል ጌሙን የሠራው ልጅ አይሁን። የሠራው ልጅ አጠገብ ካለ ሳያውቀው ያስረዳል። «አይ እሱን ሳይሆን፣ በግራ በኩል…» ይላል። በቃ፣ ፈተናው ተበላሸ፤ ጌሙ ወደ ሰዉ ስልክ ሲሄድ እሱ አብሮ አይሄድማ። ለፕሮግራመሩ ቡና ግዙለትና ወዲያ ላኩት።

ያስቀረሁት ሦስተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ያሸነፈው ልጅ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ሲያስረዳ ደብተር የያዘው አባል ጆሮውን ያቅና። ተጫዋቹ ለጓደኛው ሲያስተምር ይሉኝታ የለበትም፤ የገባውን ብቻ ነው የሚናገረው። «ይቺን አትንካት፣ ምንም አትሠራም» ካለ፣ ሁለት ሳምንት የደከማችሁባት ቁልፍ ምንም እንደማትሠራ አወቃችሁ። እናንተ ያላሰባችሁትን ዘዴም ሲያስተምር ትሰሙታላችሁ። ሰው ሳይጠየቅ የሚሰጠው አስተያየት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ምን ይቀመጥ? እኔ ከዳማ ጀመርኩ። ከካርቶን የተቆረጠ ሰሌዳ፣ ከላውንጁ የሚለቀም ቆርኪ፤ የአንዱ ወገን ወደ ላይ ተገልብጦ፣ የአንዱ በአፉ ተደፍቶ። ወጪው ምንም አይደለም፣ መብራት ቢጠፋ አይሞትም፣ ሕጉን የማያውቅ የለም። ከሰሌዳው ጎን «አንድ ሕግ ቀይር» የሚል ወረቀትና እስክሪብቶ ይኖራል፤ ቀያሪው ሕጉን ጽፎ ያንኑ ጨዋታ እንደገና ይጫወተዋል። ላውንጅ ውስጥ ሞከርነው። አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ መጥታ ደግ የሚመስል ሕግ ጻፈች፦ «ተጫዋች ካልፈለገ ተራውን መዝለል ይችላል።» ለአፍታ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ጨዋታው ቀጥ አለ። ዳማ የሚሄደው እኮ ሰው ሳይወድ በግዱ መንቀሳቀስ ስላለበት ነው፤ መዝለል ከተፈቀደ ሁለቱም ቆርኪያቸውን ደርድረው ሌላው እስኪሳሳት ይጠብቃሉ። «ዝለል።» «አንተም ዝለል።» ከበው የሚያዩት ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና ጨመረችበት፦ «በተከታታይ ሁለቴ የዘለለ አንድ ቆርኪ ይክፈል።» ጨዋታው ነፍስ ዘራ፤ ያውም ከድሮው ይልቅ ተንኮለኛ ሆኖ። ይቺ ልጅ ኮድ ጽፋ አታውቅም። በአንድ የምሳ ሰዓት የሠራችው ግን የጌም ዲዛይነር ሥራ ነው፤ ሕግ አወጣች፣ ተጫዋቹ ሕጉን እንዴት እንደሚበዘብዘው አየች፣ ዋጋ ጣለችበት። የትኛው ባነር ነው ይህን የሚያስረዳው?

ገበጣም በጠረጴዛው ይኑር፣ ስለ ቅርስ ንግግር ሳይደረግበት። ገበጣ ከኛ ጋር ረጅም ዕድሜ እንዳለው ይታወቃል፤ በየሐና በማጠራ ከአክሱም ዘመን የተረፉ የገበጣ ጉድጓዶችና የሸክላ ሰሌዳ ስብርባሪ ተገኝቷል። ለዚህ ክበብ የሚጠቅመው ግን ዕድሜው ሳይሆን መብዛቱ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ሲመዘግብ ሕጉ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ አሳይቷል፤ የጉድጓዱ ረድፍ፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ ማን ምን ይወስዳል የሚለው ሁሉ። እያንዳንዱ መንደር አንድ ቀን አንድ ሰው «እንዲህ ቢሆንስ?» ያለበት መንደር ነው። ስሙ ያልተጻፈ ዲዛይነር ማለት ነው።

ፓንክረስት ስለ ሰንጠረዥም ጽፏል፤ እዚያ ያለችው አንዲት ሕግ ለዘንድሮ ተማሪ ብትቀርብ ቡዙን ታደምቃለች ብዬ አምናለሁ። ወረራ ትባላለች። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በየፊናቸው፣ በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚገባው። ኮምፒውተር ላይ ተራ የሌለው የጦርነት ጌም ከመፈጠሩ እጅግ ቀድሞ ማለት ነው። የወረራን ሕግ ወስዳችሁ ቆርኪው ላይ ሞክሩት፤ የመጀመሪያዋ ቆርኪ እስክትበላ ያለው ሩጫ ብቻውን ሰው ይጠራል።

ክበቡ የሠራውን ጌምስ ምን እናድርገው? ጌሙ የሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ ተሳፋሪ እየጫነ፣ ሂሳብ እየተቀበለ፣ ትራፊክ ፖሊስ እያመለጠ ይሮጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሲጫወቱትም ያስቃል። እሱም ቢሆን ተከፍቶ ይቅረብ። ልጆቹ የሚጠቀሙበት ጎዶት የሚባለው ነጻ የጌም መሥሪያ ነው፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ፈቃድ አይገዛበትም። እዚያ ላይ የታክሲውን ፍጥነት፣ የተሳፋሪውን ትዕግሥትና የመንገዱን መጨናነቅ የሚወስኑ ሦስት ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ወጥተው ጎብኚው እየጎተተ እንዲቀይራቸው ማድረግ ለእነሱ የአንድ ማታ ሥራ ነው። የተሳፋሪውን ትዕግሥት ዜሮ ያደረገ ሰው የሚያየውን ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ባነሩ ብዙ አልልም። የቢሊዮን ዶላር ቁጥር ማንንም አባል አድርጎ አያውቅም። ሰው ማሳየት ካስፈለገ በቅርባችን የተሠራውን አሳዩ። እዚሁ አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና በስልክ የሚጫወቱትን ገበጣ ሠርቷል፤ ካሜሩን ያውንዴ ኪሮኦ ጌምስ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ቁጭ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን»ን ለዓለም ገበያ አውጥቷል። ሁለቱንም በስልክና በላፕቶፕ ከፍቶ ማስነካት ከባነር ይሻላል።

ሎተሪውንም አስወጣሁት። ሽልማት ሲኖር ሰው ለማሸነፍ ይመጣል፤ ለማሸነፍ የመጣ ደግሞ ሕግ አይቀይርም፣ ያለውን ሕግ ነው አጥብቆ የሚይዘው። ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ ሙዚቃ መልቀቅም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ ዙሪያው ያለው ቡዝ ሁሉ ሙዚቃ ይለቃል። በእሱ ፋንታ አንድ አንደበተ ርቱዕ አባል መንገዱ ዳር ይቁምና «እንቆቅልሽ!» ይበል። እስቲ ዝም ብሎ የሚያልፍ አበሻ አሳዩኝ። «ምን አውቅልህ» ሳይል የሚያልፍ የለም። ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፣ ተቀባዩም በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ ሲፎክርበት ከበው የሚያዩት ይስቃሉ። የሚከፈል ሳንቲም የለም፣ ሽንፈቱ ግን ይሰማል። ለተሸናፊ ክብሩን ሳይነኩ ዋጋ ማስከፈል ጌም ሠሪ ሁሉ የሚቸገርበት ነገር ነው፤ አያቶቻችን በእሳት ዳር ጨርሰውታል።

የክበቡ ጸሐፊ፣ ከሁሉም ብዙ የማታወራው ልጅ፣ ያነሣችው ነጥብ ደግሞ እኔ ጭራሽ ያላሰብኩት ነበር። «ጋሼ፣ ወንዶች ከበው የቆሙበት ጠረጴዛ ጋ ሴት አትመጣም። ብትመጣም ለመመልከት ነው» አለችኝ። ፕሬዚዳንቱ «ማን ከለከላቸው?» አለ። «ማንም አልከለከላቸውም፤ አይመጡም ነው የምልህ» አለችው። እውነቷን ነው። እሷ ያመጣችው ሐሳብ ጠረጴዛ የሌለው ማዕዘን ነው፤ መሬት ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ የቅልሞሽ ጠጠር፣ ከጎኑ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ። እነዚህን ጨዋታዎች በየሰፈሩ የተካኑት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እዚያ ማዕዘን ላይ አስተማሪ እነሱ ይሆናሉ፣ ወንዱ ነው ጠጠሩ ከእጁ እየወደቀ የሚያፍረው። የሰኞ ማክሰኞ ሕግ ደግሞ በጠመኔ ስለሚሰመር ለመቀየር ከሁሉም ይቀላል፤ አንዱን ሳጥን አጥፍቶ ሌላ ቦታ መሳል ነው። የመጀመሪያው ፈረቃ ላይ ቡዙን የሚከፍቱት ሴት አባላት እንዲሆኑም አስወሰነች። በዕቅዱ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የቀረው ጣጣ ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ለተማሪዎች ዲን በጊዜ ይግባ፤ ጠመኔው በውኃ እንደሚለቅ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ጥበቃው ከአስፋልቱ ያስነሣችኋል። ከውጭ የሚገባ ላፕቶፕ ሁሉ በር ላይ ይመዝገብ፤ ሲወጣ የሚመጣውን ንትርክ ያስቀራል። ኤክስቴንሽን ሁለት፣ ላፕቶፑ ደግሞ ማታውኑ ቻርጅ ተደርጎ ይደር። ከዲኑ ቢሮ «ጌም ለተማሪ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ልጆቹ መልስ ብለው አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሥራ ፈጠራ ጽፈዋል። እኔ ደብዳቤውን አሳጥራችሁ ቆርኪውን ይዛችሁ ግቡ ባይ ነኝ፤ ዲኑም አንድ ሕግ ይቀይሩ።

መመዝገቢያውን በተመለከተ ቅጹን በደብተር ለወጥነው። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው የቀያሪው ስም፣ የቀየረው ሕግና ሲሞከር የሆነው ነገር ነው። በደንብ የሠራች ሕግ ደግሞ በሰሌዳው ላይ በባለቤቷ ስም ትሰቀላለች። ለቀያሪው የሚነገረው «አባል ሁን» አይደለም፤ «ሕግህን ረቡዕ በ11 ሰዓት ክበቡ ይጫወተዋል፣ መጥተህ እይ» ነው። ቀኑን ሙሉ ስሙን በየቡዙ ሲያስመዘግብ የዋለ ተማሪ በማግስቱ የትኞቹ ክበባት ውስጥ እንደገባ እንኳን አያስታውስም። የገዛ ሕጉ ላይ ሌላ ሰው ሲጨነቅ ለማየት ግን ይመጣል። ቡዙ ተሳካ አልተሳካ የሚባለው እንግዲህ ረቡዕ ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ነው፤ ይህን ልጆቹ ተቀብለውኛል፣ በጀት ለሚሰጣቸው ቢሮ ግን የዕለቱን ተመልካች ቁጥር ሪፖርት ማድረጋቸው አይቀርም።

ፊፋውን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አልቻልኩም። ፕሬዚዳንቱ ፕሌይስቴሽኑን ከአጎቱ ልጅ ተውሶ ጨርሷል፣ ቃልም ገብቷል። የተስማማነው ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ቡዞች ሲፈርሱ፣ በአንድ ሁኔታ እንዲከፈት ነው፤ ሁለት ተጫዋቾች ጆይስቲካቸውን በየጎሉ ይለዋወጣሉ። ጎል ያገባ ወዲያው የተቃራኒውን ቡድን ይረከባል ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ትንሽ አሰበና «እንደዚያ ከሆነ መምራት የሚፈልግ ሰው ጎል ማግባት ይፈራል እኮ» አለኝ። እኔም እሱን ደብተሩ ላይ ጻፈው አልኩት።